ከላይ ይከፈት ወይስ ከፊት?

ወዳጄ፣ በኢየሩሳሌም ስንት አማካሪ እንዳለዎት ማወቅ ከፈለጉ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኔ ተበላሸ ብለው አንድ ቦታ ላይ ያውሩ። «አሞኛል» ሲሉት «እግዜር ይማርዎ» ብሎ የሚያልፍ ሰው፣ «ማሽኔ ተበላሸ» ሲሉት ግን ዘንቢሉን መሬት አስቀምጦ ያስተምርዎታል። እኔ ዕድሜዬን በመምህርነት ያሳለፍሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ የማስተማር ትጋት በመምህራን ስብሰባ ላይ እንኳ አላየሁም።

የእኛይቱ ማሽን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግላ ነው የሞተችው። ልታረም፤ አሥራ ስምንት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ከነካርቶኗ ሳሎን ውስጥ፣ ጥልፍ ለብሳ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክማ ነው ያሳለፈችው፤ ባለቤቴ ብርቄ ያን ጊዜ ገና በእጅ ማጠብን አልተወችም ነበርና። ከላይ የምትከፈት ነበረች። ክዳኗን ያነሣሉ፣ ልብሱን ይከታሉ፣ ክዳኗን ይመልሳሉ፣ አለቀ። ክፋቷ አንድ ነው፤ መሐሏ ላይ የሚያማስል ምሰሶ ቆሞባታል። ነጠላ ሲገባላት በዚያ ምሰሶ ላይ ጠምጥማ ጠምጥማ እንደ ጭነት ገመድ አድርጋ ታወጣዋለች። ያን ጊዜ ብርቄ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ጫፍ ይዘን፣ ፊት ለፊት ቆመን ስንፈታ እንቆያለን። በትዳራችን ውስጥ ረጅሙን ጭውውት የተጨዋወትነው በዚያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ኀዘኑ ካለፈ በኋላ ምርጫ መጣ። የዚህ አገር ሰው ማሽንን በሁለት ወገን ይከፍላል፤ ከላይ የሚከፈተውን «ፔታህ ኤልዮን»፣ ከፊት የሚከፈተውን «ፔታህ ቂድሚ» ይለዋል። የትኛው ይሻላል ብሎ መጠየቅ፣ በምርጫ ሰሞን የማን ወገን ነህ ብሎ እንደ መጠየቅ ያለ ነገር ነው። እኛ በምንኖርበት በፒስጋት ዘኤቭ፣ በሕንጻችን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያሉት ወይዘሮ ከላይ ነው አሉ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያሉት ደግሞ፣ ከበላያቸው ስላሉት ወይዘሮ ያላቸው አስተያየት የታወቀ ነውና፣ ምንም ሳያስቡ ከፊት ነው አሉ።

የብርቄ አቋም ግልጽ ነበር። ከላይ! ወገቤን ለፈጣሪ እንጂ ለማሽን አላጎነብስም አለች። የተረሳ ካልሲ ቢገኝ መሐል ላይ ከፍቼ እጨምራለሁ አለች። ደግሞም ውሃውን በዓይኔ ማየት አለብኝ፤ ያላየሁት ውሃ አያጠራም አለች።

እኔ ግን መምህር ነኝ። ሳላነብ አልወስንም። ሁለት ሳምንት አነበብሁ፤ ልታረም፣ ሁለት ቀን ነው፤ ሁለት ሳምንት ያልሁት ለብርቄ ነው። ካነበብሁ በኋላም በልበ ሙሉነት አስረዳኋት። ከፊት የሚከፈተው ውሃ ይቆጥባል። ልብሱን እያነሣ ይጥለዋል እንጂ አይጠመዝዘውም። ምሰሶ የለውም። ጨምቆ ጨምቆ ሊደርቅ ትንሽ ሲቀረው ነው የሚያስረክበው። ብርቄ እጇን አጣምራ ከሰማችኝ በኋላ «የተማረ ይግደለኝ» አለችና ፈቀደች። እኔ ይህን እንደ ምስጋና ቆጠርሁት።

ማሽኗ መጣች፤ ሰገነታችን ላይ ተተከለች። ነጭ ናት፤ ሆዷ ላይ ክብ የመስታወት በር አላት። የመጀመሪያው ቀን ብርቄ ዱካ ስባ መስታወቱ ፊት ተቀመጠችና ዓይኗን ተከለች። አምስት ደቂቃ አለፈ። «ውሃው የት አለ?» አለች። ከታች ነው፣ ትንሽ ነው የሚበቃት አልኋት። ልብሱ ላብ ያላበው እንጂ የታጠበ አይመስልም አለች። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባል የለ? የብርቄ ቀሚስ በመስታወቱ ውስጥ ሲንከባለል ያየሁት በዚያ ዓይን ነው።

በእርሷ አይፈረድም። ያደገችበት መንደር ወንዝ ዳር ነው። እኛ ቤተ እስራኤሎች ያለ ወራጅ ውሃ የምናጠራው ነገር አልነበረንም። ዓርብ ዓርብ ሴቶቹ ለሰንበት ልብስ ሊያጥቡ ይወርዳሉ። ከወንዙ በላይ በኩል የእኛዎቹ፣ በታች በኩል የክርስቲያኖቹ ሴቶች ይቀመጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜም የእነርሱ በላይ፣ የእኛዎቹ በታች ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጠብ ነው። ስለዚህ የላይና የታች ክርክር ለብርቄ በማሽን የተጀመረ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለችው ሴት ግማሽ ባልዲ በማይሞላ ውሃ ልብስ ጠራ ሲሏት እንዴት ትመን? በሁለተኛው ቀን ወደ ሰገነቱ ብወጣ፣ በጆግ ውሃ ይዛ በሳሙናው መሳቢያ በኩል ስታንቆረቁር ደረስሁባት። ምነው ብርቄ ብላት፣ «ልረዳት ብዬ ነው» አለች። ማሽን አይረዳም ብዬ ተቆጣሁ። ሁለተኛ አይለምደኝም አለች።

አሁን እዚሁ ኢየሩሳሌም ውስጥ ወዳለው ኢትዮጵያ ጎዳና ልውሰድዎ፤ የነገሩ ዋና ባለቤት ያሉት እዚያ ነውና።

በዚያ ባለው ገዳም እማሆይ ወለተ ሐና የሚባሉ መነኩሲት አሉ። ከዓመታት በፊት ጎዳናውን ሽቅብ ስወጣ ከኋላዬ «ጋሼ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ብል፣ ጎንደር ሳስተምር ሦስተኛ ክፍል ውስጥ መስኮቱ ሥር ትቀመጥ የነበረች ልጅ፣ ቆብ ደፍታ ቆማለች። ልታረም፤ ደፍተው ቆመዋል። ያን ጊዜ «አንቺ፣ ጸጥ በይ» የምላትን ልጅ ዛሬ «እማሆይ፣ እንዴት ሰነበቱ» እላለሁ። እርሳቸው «ጋሼ፣ ይቅደሙ» ይላሉ፤ እኔ «የለም እማሆይ፣ እርስዎ ይቅደሙ» እላለሁ፤ አንድ በር ለማለፍ ሩብ ሰዓት ይፈጅብናል።

እማሆይ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። ይሁንና በቤታቸው ካሉት አሥራ አንድ እናቶች ትንሿ እርሳቸው ናቸው። ትንሽ የሆነ ያጥባል፤ ይህ በገዳምም በዓለምም አንድ ነው። የአሥራ አንዱን ልብስ በገንዳ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጃቸው ሲያጥቡ ኖረው የጣቶቻቸው መጋጠሚያ እያበጠ ዝንጅብል መስሏል። አንድ ቀን አስጠርተው ነገሩኝ። «ከአገር ቤት የመጡ ተሳላሚዎች ለእናቶች አንድ ማጠቢያ ማሽን እንገዛለን ብለዋል። የገዳሙ እመ ምኔት ምርጫውን ለእኔ ትተውታል። ብሳሳት ሌላ የሚገዛ የለም፤ ወደ ገንዳው መመለሴ ነው፤ እነዚህ ጣቶች ደግሞ አንድ ክረምት አይጨምሩልኝም» አሉኝ። «ስለዚህ ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። እርስዎ ያስተማሩን ነገር ተሳስቶ አያውቅም» አሉ።

ተሳስቶ ያውቃል። ነገር ግን በዚያች ሰዓት መታረሙ አስፈላጊ አልመሰለኝም።

እማሆይ ልባቸው ያዘነበለው ከላይ ወደሚከፈተው ነበር። እናቶች የለመዱት ገንዳ ነው፤ ክዳን ያለው ገንዳ ቢሆንላቸው አይደናገሩም ብለው አስበዋል። እኔ ግን ከፊት የሚከፈተውን ሰበክሁ። ነጠላን እንደ ሕፃን ነው የሚያቅፈው አልሁ። ጥርጣሬያቸው አልለቅ ሲለኝ፣ በቤታችን ያለችው ማሽን ምስክር ትሁን አልሁ። የኪዳነ ምሕረት በዓል ቅዳሜ ይውላል፤ የአሥራ አንዱን እናቶች የበዓል ነጠላ ዓርብ ጠዋት ይስጡኝ፤ ዓርብ ከሰዓት ነጥቶ፣ ተጨምቆ፣ በእጅዎ ይገባል፤ አይተው ይምረጡ አልኋቸው። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ዓርብ ጠዋት ነጠላዎቹን በሁለት ከረጢት ይዤ ባቡር ላይ ወጣሁ። ቤት ደርሼ ሁሉን አዘጋጅቼ ማሽኗን የጀመርሁት በዚህ አገር አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ልክ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከማዞሪያው ላይ የጥጥ አበባ የተሣለበትን መረጥሁ፤ ነጠላ ጥጥ ነው፤ ይህን ለመምረጥ ምሁር መሆን አያስፈልግም። በሩ ቀጭ አለና ተቆለፈ። በትንሿ መስኮት ላይ 3:40 የሚል ቁጥር በራ። መልካም፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ትጨርሳለች ማለት ነው። ከሰንበት በፊት የመጨረሻው ባቡር የሚያልፈው አራት ሰዓት አለፍ ሲል ነው። ጊዜ ተርፎኛል አልሁና ጋደም አልሁ።

ሦስት ከአርባ ሲሆን ከረጢቶቼን ይዤ ማሽኗ ፊት ቆምሁ። አሁንም ትዞራለች። መስኮቷን ባየው 1:00 ይላል።

ሰዓቱ ወደ ኋላ ሄዷል! ብርቄን ጠርቼ፣ ይህች ማሽን ገና ከመምጣቷ ሰዓቷ ተበላሸ አልኋት። ብርቄ የሰንበቱን ምግብ ለማድረስ ትጣደፋለች፤ ማማሰያዋን እንደያዘች መጥታ መስኮቷን አየችና እኔን አየችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ይህ እኮ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚናገር አይደለም፤ ስንት እንደቀራት ነው የምትነግርህ» አለች። ማን ነገረሽ ብላት፣ «እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ወጥ ስንት ሲቀረው ግን አውቃለሁ» ብላ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

ለሦስተኛ ክፍል ልጆች ሰዓት አነባበብ ያስተማርሁ እኔ ነኝ። ከተማሪዎቼም አንዷ አሁን ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ነጠላዋን ትጠብቃለች። ይጠብቃሉ።

ባቡሩ አለፈኝ። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥሁም። አራት ከአርባ ላይ ትጨርሳለች፤ ሰንበት ከመግባቷ በፊት ትንሽ ደቂቃ አለ፤ ታክሲ በር ላይ አቁሜ ከረጢቶቹን ብቻ ሰጥቼ እልከዋለሁ። መልካም አሳብ ነው። ወደ ሳሎን ገብቼ ታክሲ ፍለጋ ስልክ ያዝሁ። አንዱ አያነሣም፣ አንዱ ጠብቅ ይላል፣ አንዱ ዛሬ ዓርብ መሆኑን ያስታውሰኛል። በዚህ መካከል ከሰገነቱ በኩል አንድ ዝምታ መጣ። ማሽን ሲዞር ድምፁን አይሰሙትም፤ ሲቆም ግን ይሰማል።

ሮጥሁ። ልታረም፤ በእኔ ዕድሜ ሩጫ አይባልም፤ ፈጠን አልሁ። ብርቄ ጆግ ይዛ ቆማለች። ማሽኗ ቆማለች። ውሃው እስከ መስታወቱ ወገብ ደርሷል፤ አሥራ አንዱ ነጠላ በውስጡ እንደ ደመና ተንሳፍፏል። በትንሿ መስኮት ላይ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር ብልጭ ድርግም ይላሉ።

ስንት ጆግ ጨመርሽ አልኋት። ስድስት ብቻ አለች። ምነው፣ አይለምደኝም ብለሽኝ አልነበረም? ብላት፣ የራሴን ልብስ ቢሆን እተወው ነበር፤ የሰው ልብስ፣ ያውም የመነኮሳት የበዓል ልብስ፣ በላብ ታጥቦ ሲሄድ ዝም ብዬ ልይ? ለሰው ልብስ ውሃ አይሰሰትም አለች። እኔ በስስት ነው የተቆጣሁት፣ እርሷ በክብር ነው ያበላሸችው።

በሩን ሳብሁት፤ አይከፈትም። ከፊት የሚከፈት ማሽን ሆዱ ውስጥ ውሃ እያለ በሩን አይለቅም፤ ይህን መመሪያው ላይ እንደ ጥሩ ጎን ቆጥሬ አንብቤው ነበር። የተጠመዘዘ ነጠላ ታወጣ የነበረችው አሮጊቷ ማሽናችን ብትሆን ክዳኗን አንሥቼ፣ እየተንጠባጠበም ቢሆን ባወጣሁት። ያን ሳስብ ከመንገድ ማዶ የሰንበት መግቢያ ጥሪ ሊሰማ ጥቂት ቀርቶታል።

እማሆይ ዘንድ ደወልሁ። ነገሩን በአጭሩ፣ ጆጉን ሳልጠቅስ፣ ነገርኋቸው። ወዲያው ደግሞ አንድ ብልህ አሳብ መጣልኝ። እማሆይ፣ በእኛ ሰንበት ሊገባብን ነው፣ ቁልፍ መንካት አንችልም፤ እናንተ ዘንድ ግን ማንም ቢሆን፣ አንድ ዲያቆን ቢላክ፣ መጥቶ ቢነካካው ይከፈት ይሆናል አልሁ። እርሳቸውም በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው፣ «ጋሼ፣ በቀዳሚት ሰንበት ሂድና ልብስ አጥበህ ና ብዬ ዲያቆን ልላክ? ለመሆኑ ሰንበት እርስዎ ቤት ገብታ እኛን ዘልላን የምታልፍ መሰለዎት?» አሉኝ።

እውነት ነው። እነርሱም ቀዳሚትን ያከብራሉ። ይህን ሳላውቀው አይደለም፤ ጭንቀት አስረሳኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ። «ነገ በዓሉ ነው እማሆይ፣ እናቶች ምን ይለብሳሉ?» አልሁ። «ያለውን» አሉ። «ጣትዎስ?» አልሁ። ስልኩ ተዘጋ፤ ሰንበት ገባች።

ወዳጄ፣ ያን ሰንበት አይስጥዎ። ከላይ የሚከፈት ማሽን ቢያንስ ክዳን አለው፤ የሠሩትን ስህተት ይሸፍንልዎታል። ከፊት የሚከፈተው ግን መስኮት አለው። ወደ ሰገነቱ በወጣሁ ቁጥር አሥራ አንዱ ነጠላ መስታወቱ ላይ ተለጥፈው ያዩኛል። ሰገነቱን ብተው ከወጥ ቤቱ መስኮት ይታየኛል። ጨርቅ ላልብሳት ብዬ አሰብሁና፣ በሰንበት ኃጢአቴን መሸፈንስ ሥራ አይደለም ወይ ብዬ ተውሁት። የሚያሳስበኝ የበዓሉ ልብስ ብቻ አልነበረም። እማሆይ ይህን ካዩ በኋላ በማሽን እንዴት ያምናሉ? ወደ ገንዳው ይመለሳሉ፤ እኔ ነኝ የመለስኋቸው። ብርቄም ጸሎቷን ስታደርስ ቆይታ፣ ከጎኔ መጥታ መስታወቱን አየችና፣ «እንዲያው እንድታውቀው ያህል፣ አሁን ውሃ አላት» አለችኝ።

ቅዳሜ ከዋክብት ሲወጡ ሰንበትን ሸኘንና ገመዷን ከግድግዳው ነቀልሁ። ማሽኗ ከታች በኩል አንዲት ትንሽ ክዳን አለቻት፤ መመሪያው ላይ በመጨረሻው ገጽ ነው ያለችው፤ ማንም አያነብባትም። እርሷን ፈታሁ። ውሃው ወጣ፤ ሰገነቱንም፣ ጫማዬንም አጠበ፤ በሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ብርቄ እጇን ሰድዳ አንዱን ነጠላ አወጣችና በመብራት አየችው። ሁለተኛውን አወጣች። «ና እስቲ እይ» አለች። እንዲህ ያለ ንጣት እኔ በዕድሜዬ አላየሁም። ለካ ሰንበቱን ሙሉ በሳሙና ውሃ ተዘፍዝፈው ውለዋል! የሴት አያቶቻችን ሙያ ይኸው አይደል? ዘፍዝፎ ማሳደር። ማጠቢያዋ ሳታጥብ፣ እኛም ሳንነካው፣ ዕረፍት ብቻውን አጠባቸው። ብርቄ በንጹሕ ውሃ አለቅልቃ አሰጣቻቸው።

እሑድ ነጠላዎቹን አጣጥፌ ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ሄድሁ። በመንገድ ላይ ንግግሬን አዘጋጅቻለሁ። አጭር ነው፤ እማሆይ፣ ተሳስቻለሁ፣ ከላይ የሚከፈተውን ይግዙ።

እማሆይ በመጀመሪያ ነጠላዎቹን ተቀበሉ። አንዱን ገልጠው አሸተቱ፤ ወደ ፀሐይ አቅንተው አዩ። ከዚያ እኔ ሁሉን ተናዘዝሁ፤ የሰዓቱን ንባብ፣ የቁልፉን ነገር፣ በመጨረሻም ጆጉን። ጆጉ ላይ ስደርስ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እትዬ ብርቄ ይባረኩ» አሉ። ስለዚህ እማሆይ፣ ከላይ የሚከፈተው ነው የሚሻለው፤ መሐል ላይ ቢፈልጉ መክፈት ይችላሉ ብዬ ንግግሬን ደመደምሁ።

«ጋሼ፣ እርሱን አልፈልግም» አሉ።

ግራ ገባኝ። እማሆይ ወንበር ሳቡልኝና፣ የበዓል ዋዜማ በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚያልፍ ላውራዎት አሉ። አንዲቱ እናት ሁሉ ገንዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ይመጡና ይህችን መቀነት ጨምሪልኝ ይላሉ። ሌላዋ የእኔን ከእርሷ ጋር አታቀላቅይ፣ አውጪልኝ ይላሉ። ሦስተኛዋ ሳሙናው አነሰ ይላሉ፤ አራተኛዋ በዛ ይላሉ። ሁሉም ታላላቆቼ ናቸው፤ አንዷን እናት እምቢ ማለት አልችልም፤ አውጥቼ እከታለሁ፣ ከትቼ አወጣለሁ፤ አንድ ጊዜ የሚታጠበውን አራት ጊዜ አጥባለሁ። ጣቶቼን የጨረሳቸው ልብሱ አይደለም ጋሼ፤ እሺታው ነው አሉ።

ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ እምቢ ማለት አልችልም። ይህች የእርስዎ ማሽን ግን ትችላለች» አሉ።

የቅዳሜውንም በዓል ነገሩኝ። እናቶች ሁሉ የዘወትር ልብሳቸውን ለብሰው ቆሙ። የማን ነጣ፣ የማን አደፈ የሚል ነገር አልተነሣም። «ልብሳችን የት ደረሰ ላሉኝ እናት ሁሉ፣ በሩ ተቆልፏል፣ አይከፈትም ብዬ መለስሁ፤ እሺ ብለው ሄዱ። እሺ ብለው ሄዱ ጋሼ! በስንት ዓመቴ!» አሉኝ።

እኔ አሁንም ስለ ርዝመቱ ላስጠነቅቃቸው ፈለግሁ። እማሆይ፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ እኮ ነው የምትፈጀው አልኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው በልባቸው አሰሉና፣ «ሙሉ ዳዊት ነው። ረጋ ብሎ ለሚደግም በልኩ ነው። አጭሩስ የለም?» አሉ። አጭሩ ሠላሳ ደቂቃ ነው አልሁ። «እርሱ ደግሞ ለውዳሴ ማርያም ነው» አሉ።

ምርጫው በዚሁ አለቀ። ደግሞም እማሆይ አዲስ አልፈልግም አሉ፤ የታወቀች፣ የተፈተነች፣ ነጠላዎቹን ያነጣች ያቺው ትሁንልኝ አሉ። ስለዚህ የእኛይቱ ማሽን ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ወረደች፤ የተሳላሚዎቹ ስጦታ በምትኳ ከላይ የምትከፈተዋን ወደ ፒስጋት ዘኤቭ ሰገነት አመጣ። የዘንድሮዎቹ ምሰሶ የላቸውም። ብርቄ ወገቧ ቀና፣ ፊቷም ቀና። እማሆይም በየሳምንቱ ዱካቸውን መስታወቱ ፊት አድርገው፣ ጣታቸውን በጋቢያቸው ውስጥ አሙቀው ዳዊታቸውን ይደግማሉ ይባላል፤ እናቶችም መጥተው በሩን ያያሉ፣ ቁልፉን ያያሉ፣ ይመለሳሉ።

እንግዲህ ዛሬ ሰዎች፣ መምህር፣ የትኛው ይሻላል ብለው ይጠይቁኛል። ስለ ውሃ፣ ስለ መጭመቅ፣ ስለ ወገብ አላወራም። ማሽኗ እስክትጨርስ ድረስ ስትጠብቅ በቤትህ ምን ይሠራል ብዬ ነው የምጠይቀው። ዳዊት የሚደገምበት ቤት ከሆነ፣ ረጅሟን፣ የፊቷን ይግዛ። የእኛ ቤት ግን ሌላ ነው። ብርቄ ማሽን ስትጠብቅ የእኔን ስህተት ከሠርጋችን ቀን ጀምራ በተራ ታነሣለች። የላይዋ በአርባ ደቂቃ ትጨርሳለች፤ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ብርቄ ብትፈጥን ብትፈጥን እዚህ አገር እስከ ገባንበት ዓመት ነው የምትደርሰው። የፊቷ ብትሆን ኖሮ፣ በሦስት ሰዓት ከአርባ፣ እስከ ትናንት ድረስ ትመጣብኝ ነበር። ልታረም፤ እስከ ዛሬ ጠዋት።